ከአርባው በፊት የታጠበ ሸሚዝ

ባለፈው ቅዳሜ ልጄ ዮናስ ከሥልጠና ተመልሶ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። ዘንድሮ ትምህርቱን ጨርሷል፤ እግዚአብሔር ይመስገን። እዚሁ ሰቆጣ አንድ መሥሪያ ቤት ለሰኞ ቃለ መጠይቅ ጠርቶታል። ሥልጠናው ሥራ ለሚፈልጉ ወጣት ወንዶች ስለ አለባበስ የተሰጠ ነበር።

«ምን አሏችሁ?» አልኩት።

በጣቱ እየቆጠረ ነገረኝ። ጫማና ቀበቶ አንድ ቀለም ይሁኑ። የክራባቱ ጫፍ ቀበቶው ላይ ይድረስ፤ አይለፍ፣ አይጠር። ሸሚዙ ነጭ ወይም ሰማያዊ ይሁን፣ ይተኮስ። ሽቶ አይብዛ። ጢም ይላጭ፤ ካልሆነም በወግ ይከርከም።

«ጽሑፍና ፎቶ ያለበት ቲሸርት ፈጽሞ አይለበስም አሉን» አለና ወደ ደረቱ አየ።

ደረቱ ላይ እናቴ ነበረች። እናቴ ካረፈች አርባዋ ገና አልወጣም። የዛሬ ልጆች ሐዘናቸውን እንዲህ ነው የሚለብሱት፤ ጥቁር ቲሸርት ያሠሩና የሟችን ፎቶ ያሳትሙበታል። ዮናስን ያሳደገችው እሷ ናት ማለት ይቻላል። ከቀብሯ ወዲህ ያንን ቲሸርት ለማጠብ ካልሆነ ከላዩ አላወለቀውም። ጢሙንም አልነካውም።

«እማ፣ ሰኞ ምን ላድርግ? አያቴን አውልቄ ልሂድ?»

ይህ ጥያቄ ከዚህ ቀደም በቤታችን ተጠይቆ ያውቃል። ያኔ የመለሰችው እናቴ ነበረች።

የተወለድኩት ከሰቆጣ የአንድ ቀን የእግር መንገድ ርቃ ባለችው ጋዝጊብላ ነው። ያን ጊዜ ገና ያላገባሁ ልጃገረድ ነበርኩ። አባታችን የሞተው በሐምሌ ነው፤ ዝናቡ በከበደበት፣ ጎተራውም ባዶ በሆነበት ወር። ለቀብር የመጣው ሰው እግሩን ከጭቃ እየነቀለ ነው ቤተ ክርስቲያን የደረሰው። ሕመሙ አጭር ነበር። ፈጣሪ አላንገላታውም፤ ስለዚህም አመሰግናለሁ።

በእኛ አገር ሰው ሲሞት ከል ይነከራል። ከቀብር መልስ ሴቶች ይሰበሰባሉ፤ በትልቅ ድስት ጥቁር ቀለም ይፈላል፤ የሐዘንተኛው ቤት ልብስ ይገባበታል። ይህኛውስ ይቆይ የሚል ሰው የለም። በዚያ ቀን ማን ልብስ ይመርጣል? ጎረቤቶቻችን የእናቴን ቀሚስና ነጠላ፣ የእኔን ቀሚስ፣ የወንድሜን ጋቢ ነከሩ። ሣጥን ውስጥ ተጣጥፎ ያገኙትን አንድ ነጭ ሸሚዝም ጨመሩት።

ሸሚዙ የወንድሜ የፀጋው ነበር። ፀጋው ታላቄ ነው። ከቤት በሶና ቆሎ እየሰነቀ፣ ሰቆጣ ከዘመድ ቤት ተጠግቶ ዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሷል። አባታችን ያንን ሸሚዝ ሲገዛለት፣ «መምህር የምትሆን ቀን ትለብሰዋለህ፤ እስከዚያ ሣጥን ውስጥ ይደር» ብሎት ነበር። አንድ ቀን እንኳ አልተለበሰም። ከድስቱ ሲወጣ አየሁት፤ ጥቁር ውኃ ያንጠባጥባል። ፀጋውም አየው። አባቱን የቀበረ ልጅ በዚያው ቀን ስለ ሸሚዝ አፉን አይከፍትም።

ነሐሴ ገባ። ፍልሰታን ይዘናል። አንድ ቅዳሜ ከሰቆጣ ገበያ የተመለሰ ጎረቤት መልእክት ይዞ መጣ። ፀጋው ላመለከተበት የመምህርነት ሥራ በሚመጣው ሳምንት ለጥያቄ ይቅረብ ተብሏል። የቀረ ተመልሶ አይጠራም። እዚያ አብሮት የተማረ ጓደኛው ደግሞ ምክር ልኮለት ነበር፤ «ተላጭተህ ና። ነጭ ሸሚዝ ልበስ። ሰዎቹ መጀመሪያ የሚያዩት አንገትጌህን ነው።»

አርባው አልወጣም። ሸሚዙ ከል ሆኗል። የፀጋው ጢም ፊቱን ሸፍኖታል።

ቤታችን አባወራ የለውም። ከእኔ በታች ሁለት ሕፃናት አሉ። መሬታችንን የሚያርስልን የአባቴ ወንድም አያ ወልዴ ነው፤ በሬ ያለው እሱ ነበር። ፀጋው መምህር ከሆነ ቤቱ ይቆማል። ካልሆነ እንደ እኩዮቹ አገር ጥሎ ለቀን ሥራ መሄዱ ነው። ከሄዱት ብዙዎቹ አልተመለሱም። ይህን እናቴ ታውቃለች። ፀጋውም ያውቃል። ግን ማንም አላነሣውም፤ ሁላችንም ዐይናችንን ሣጥኑ ላይ አድርገን ተቀመጥን።

አያ ወልዴ ወሬውን ሰምቶ በዚያው ምሽት መጣ። ከበር ሳይገባ ጀመረ።

«የወንድሜ አፈር ሳይደርቅ ልጁ ተላጭቶ ከተማ ሊወጣ ነው አሉ!»

«ሥራ ነው አያ ወልዴ» አለች እናቴ። «ቀኑን እኛ አልቆረጥነውም።»

«ሞትንስ እኛ ቆረጥነው? ሥራው ከቀረ ይቅር። ለአባቱ አርባ ቀን ጢም ማሳደግ ያቃተው ልጅ ለሰው ልጅ ምን ያስተምራል?»

ፀጋው ተነሥቶ ቆሟል። «አጎቴ፣ እርስዎ ሂድ ካላሉኝ አልሄድም» አለ።

ይህን ሲል እናቴን አየኋት። ፊቷ እንደ ድንጋይ ነበር። «ይሄዳል» አለች።

አያ ወልዴ ዱላውን አነሣ። «እንግዲያ የሽምብራውን ማሳ መምህሩ ይረስላችሁ» ብሎ ወጣ። እርምጃው በጭቃው ውስጥ ለረጅም ጊዜ ይሰማን ነበር።

ፀጋው በዚያ ሌሊት አልሄድም ብሎ ነበር። በማግስቱ ከቅዳሴ በኋላ እናቴ የንስሐ አባታችንን ይዛ መጣች። ሽማግሌ ናቸው፤ ጢማቸው እስከ ደረታቸው ይወርዳል። መደቡ ላይ ተቀምጠው ነገሩን እስከ መጨረሻው ሰሙ።

«ልጄ» አሉት ፀጋውን፣ «ለሟች ፍትሐት አለ፣ ጸሎት አለ፣ ምጽዋት አለ። ጢም ግን ሲጸልይ ሰምቼ አላውቅም።»

ፀጋው ሳያስበው የእሳቸውን ጢም አየ። እሳቸውም አዩት።

«የኔን ተወው። እኔን መምህር አድርጎ የሚቀጥር የለም» አሉ።

ቤታችን ውስጥ ከቀብሩ በኋላ ሰው ሲስቅ ያን ቀን ነው የሰማሁት። ፀጋው ሳቀ፤ ወዲያው ደነገጠና አፉን በእጁ ያዘ። ቄሱ ፊታቸው ተለወጠ። «ስትመለስ ከልህን መልሰህ ልበስ። አርባውን ከእናትህ ጋር ታወጣለህ። ይህ ለእግዚአብሔርም ለሰውም ይበቃል» አሉት። መስቀል አሳልመውት ሄዱ።

እናቴ በዚያው ሳምንት ሸሚዙንና እንዶድ ይዛ ወደ ምንጩ ወረደች። ተከተልኳት። ባል የሞተባት ሴት አርባው ሳይወጣ ልብስ አታጥብም፤ ያውም ከል። ሴቶች ሁሉ ውኃ የሚቀዱበት ሰዓት ነበር።

«ጎህ ሳይቀድ ብንመጣ ማንም አያየንም ነበር» አልኳት በሹክሹክታ።

«ልጄን ሌባ አላደርገውም» አለችኝ።

እንዶዱን ድንጋይ ላይ ወቅጣ ሸሚዙን ማሸት ጀመረች። አረፋው መጀመሪያ ጥቁር ነበር፤ ከዚያ ቡና ዓይነት ሆነ፤ ከዚያ እንደ ጭቃ ውኃ። እጇ እስኪላጥ አሸችው። ሴቶቹ እንስራቸውን ሞልተው እንኳ አልሄዱም።

«እሰይ! አርባው ሳይወጣ ባሏን አጠበችው!» አለች አንዷ፣ ለጎኗ ሴት የምትናገር አስመስላ።

እናቴ ቀና አላለችም። «ባሌን አይደለም። የልጄን ሸሚዝ ነው» አለች። ከዚያ በአገራችን ቋንቋ፣ በኽምጣኛ፣ የአባቴን ስም ጠርታ ዝቅ ባለ ድምፅ አንድ ነገር ተናገረች። ምን እንዳለችው ለማንም ነግሬ አላውቅም፤ ዛሬም አልጽፈውም። ሴቶቹ ግን ሰሙ። ቅድም የተሳለቀችው ሴት እንስራዋን አዝላ ቀድማ ሄደች።

ሸሚዙ ነጭ አልሆነም። ጥቁርም አልቀረም። የአመድ ቀለም ያዘ፤ ስፌቱ ላይ ግን ከሉ እንዳለ ነበር። ፀሐይ ስላልነበረ በምድጃ ዳር ሰቀልነው። ጢስ ጢስ እንዳይል እናቴ በእጥፋቱ ውስጥ ጦስኝ አደረገችበት። ካውያ አልነበረንም፤ ከመኝታዋ ሥር አስተካክላ ዘርግታ ተኛችበት። ጠዋት ስታወጣው አንድ ሽብሽብ አልነበረበትም። ፀጋው ጢሙን በምላጭ ተላጨ። መስታወትም ስላልነበረን እኔ ፊት ለፊቱ ቆሜ የቀረውን በጣቴ አሳየሁት። ጢሙ ሲሄድ አገጩ ላይ የአባቴን ስንጥቅ አየሁ። ከዚያ በፊት ልብ ብዬው አላውቅም።

ሐዘንተኛ ብቻውን መንገድ አይወጣም፤ ስለዚህ እናቴ አብሬው እንድሄድ አዘዘችኝ። ሸሚዙን በጨርቅ ጠቅልዬ ያዝኩ። ፀጋው አሮጌ ልብሱንና ከል ጋቢውን ለብሶ፣ ጫማውን በእጁ አንጠልጥሎ ተነሣ። ጫማ ለከተማ ነው እንጂ ለመንገድ አይደለም። ጉም ከሸለቆው ተነሥቶ እስከ ጉልበታችን ይደርስ ነበር። የገብሱ ማሳ አረንጓዴ ነው፤ ባቄላው አብቧል፤ ሽታው ይጣፍጣል። የሚበላ ግን ገና የለም። ነሐሴ እንዲህ ነው፤ ዐይን ይጠግባል፣ ሆድ ይጠብቃል። ጾሙም ስለነበር የገብስ ቆሏችንን የፈታነው ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ነው።

በመንገድ ላይ የሚያውቁን ሰዎች እየቆሙ ነፍስ ይማር ይሉናል። ከዚያ የፀጋውን የተላጨ ፊት ያያሉ። ከዚያ ያጉረመርማሉ። አንድ ሽማግሌ ሰላምታችንን ሳይመልስ አለፈን። ፀጋው ቆመ።

«እንመለስ» አለኝ።

«እናቴስ?» አልኩት።

ፀጋው ጫማውን ወደ ሌላው እጁ አዛወረ። ከዚያ መራመድ ጀመረ። ያን ቀን ሁለተኛ አልቆመም።

ከዘመድ ቤት አድረን፣ ጠዋት ፀጋው ከጋቢው ሥር ሸሚዙን ለበሰና ወደተጠራበት መሥሪያ ቤት ሄድን። አጥሩ ሥር ሲደርስ ጋቢውን አውልቆ ሰጠኝ፤ እኔም ከራሴ ነጠላ በላይ ደረብኩት። እግሩን በዝናብ ውኃ ታጥቦ ጫማውን አደረገ። ሸሚዙን ከሱሪው ውስጥ አስገባ። አንገትጌውን ቀና አድርጌለት «ሂድ» አልኩት።

በረንዳው ላይ ሌሎች ወጣቶች ተሰልፈዋል። ብዙዎቹ ነጭ ለብሰዋል። አንዱ ጓደኛውን በክርኑ ነካ አድርጎ፣ «ይሄ ደመና ለብሶ መጣ እንዴ? ይዘንብብናል፣ ራቅ በሉ!» አለ። ሁሉም ሳቁ። ፀጋው መሬት መሬት አየ። አንዲት አላፊ ሴት ደግሞ እኔን ድርብ ጥቁር ለብሼ አጥር ሥር ስታየኝ፣ «እግዜር ያጽናሽ የኔ ልጅ» አለችኝ። አሜን አልኩ። ከዚያ በኋላ እስኪወጣ ድረስ የማውቀውን ጸሎት ሁሉ ደገምኩ።

ውስጥ የሆነውን ሲወጣ ነገረኝ። ጠያቂዎቹ ሦስት ነበሩ። በዕድሜ የገፉት ሰውዬ ስሙን እንኳ ሳይጠይቁ ሸሚዙን አዩ።

«ይህ ምን ዓይነት ቀለም ነው ልጄ?»

ፀጋው መንገዱን ሙሉ መልስ ሲያዘጋጅ ነበር፤ ከገበያ እንዲህ ሆኖ ነው የገዛሁት ሊል። እዚያ ሲቆም ግን ሐሰቱ አልወጣ አለው።

«አባቴ ሞቶ ከል ተነክሮ ነበር። እናቴ አጠበችው።»

«አርባው ወጣ?»

«አልወጣም ጌታዬ።»

«እናትህ ናት ያጠበችው? ራሷ?»

«ራሷ።»

ከዚያ ሰውዬው ጠመኔ ሰጡትና፣ «እኛ ሦስተኛ ክፍል ተማሪዎች ነን። ማካፈል አስተምረን» አሉት። ፀጋው አስተማረ። ዳቦን ለወንድማማቾች ስለማካፈል ምሳሌ ሰጠ። አንደኛው ጠያቂ ሆን ብሎ አልገባኝም እያለ አስቸገረው፤ እሱም ሳይቆጣ ሦስት ጊዜ ደገመለት። ሲጨርስ ሽማግሌው አሰናበቱት። በሩ ጋ ሲደርስ መልሰው ጠሩት።

«ስለ ሸሚዝህ ምንም አልልህም። ጫማህን ግን ጥረግ። ተማሪ መምህሩን ከእግሩ ጀምሮ ነው የሚያየው።»

ይህን ሲነግረኝ ሁለታችንም ወደ ጫማው አየን። የአጥሩ ሥር ጭቃ ተረከዙ ላይ እንደ ሊጥ ተለጥፏል። ከዚያ እጁን ዘረጋልኝ። ጋቢውን መለስኩለት። እዚያው፣ የሳቁበት ልጆች እያዩት ለበሰው። ያ «ደመና ለብሶ መጣ» ያለው ልጅ መጥቶ በሁለት እጁ ጨበጠውና «ነፍስ ይማር፤ አላወቅሁም» አለው።

ፀጋው ሥራውን አገኘ። ሸሚዙ አላስቀጠረውም፤ ይህን ደጋግሜ አስቤበታለሁ። ያስቀጠረው ማስተማሩ ነው። ግን እናቴ ሸሚዙን ባታጥበው ጠመኔውን የሚቀበል ሰው እዚያ አይገኝም ነበር። ከቤት አይወጣማ።

አርባው በወጣ ቀን አያ ወልዴ መጣ። ጸሎቱን ቆሞ ሰማ። ሳይበላ ሄደ። በሬዎቹንም አልሰጠንም፤ የሽምብራው ማሳ ያን ዓመት ጦም አደረ። ይህን ለማስዋብ አልፈልግም፤ ከብዶን ነበር። መስከረም ሲጠባ ፀጋው ከሰቆጣ ወዲያ ባለችው ዝቋላ ተመደበ፤ ከእኛ ደጋ ወርዶ፣ ፍየል በበዛበት ቆላ። የመጀመሪያ ደመወዙ ማሽላ ሆኖ በአህያ ተጭኖ ቤታችን ደረሰ። እናቴ ከማሽላው እፍኝ አንሥታ ወደ ቤተ ክርስቲያን ዞረችና ብዙ ቆመች። ከዚያ ለአያ ወልዴ ቤት በቁና ሰፍራ ላከች። አልመለሰውም። ከዓመታት በኋላ የመጨረሻ ልጁን እየጎተተ ወደ ፀጋው መጣና፣ «ተላጭቶም ቢሆን ይማር» አለው። ፀጋው ልጁን አስተማረው። ሸሚዙን አንገትጌው እስኪያልቅ ለብሶታል።

እናቴ የራሷን ከል ግን ቶሎ አላወለቀችም። ሰው ሁሉ ይበቃሻል ይላት ነበር። ያወለቀችው ፀጋው ያገባ ዕለት ነው። ለልጇ የፈቀደችውን ለራሷ አልፈቀደችም። ምን ያህል ከባድ ነገር በዚያ ምንጭ እንዳደረገች የገባኝ ያን ጊዜ ነው።

ለዮናስ ይህን ሁሉ ነገርኩት። እኔ ብዙ የምናገር ሴት አይደለሁም፤ ስለዚህ ሳያቋርጠኝ ሰማ። ስጨርስ ምን አድርግ አላልኩትም። እሑድ ከቅዳሴ መልስ ቲሸርቱን አውልቆ አጠበው፤ ሲደርቅ ፎቶውን ወደ ውስጥ አድርጎ አጣጠፈውና መጽሐፎቹ ላይ አስቀመጠው። ጢሙን ተላጨ፤ ሰማያዊ ሸሚዙን ተኮስኩለት። የክራባት አስተሳሰር አላውቅም፤ እሱም አያውቅም። ስልኩን መደርደሪያ ላይ አቁሞ እያየ አራት ጊዜ አሰረው፣ አራት ጊዜ ፈታው። በመጨረሻ ጫፉ ቀበቶው ላይ አረፈ። «አይለፍ፣ አይጠር» አልኩት። ሳቀ። ቀጥሎ እንደ ፀጋው እንዳይደነግጥ «ሳቅ፣ እሷም ደስ ይላታል» አልኩት።

መልሱ እስካሁን አልመጣም። ቢሰጠው ተመስገን፤ ባይሰጠውም ተመስገን። ለወጣት ወንድ የአለባበስ ምክር ስጪ ብባል የማውቀው ጥቂት ነው። ንጹሕ ልበስ። ጫማህን ጥረግ። ስለ ለበስከው ከጠየቁህ እውነቱን ተናገር። ሌላውን ሥልጠናው ጋ ያስተምሩሃል። የሚያስቸግረው ግን ልብሱ አይደለም። ከቤት ሲወጣ ዘመድ እንዳይከፋ፣ ከተማ ሲገባ ሹም እንዳይንቀው የሚጨነቅ ልጅ ነው የሚከብደው። ያንን ልጅ አንድ ሰው፣ ከሁሉም በላይ የማዘን መብት ያለው ሰው፣ ሂድ ሊለው ይገባል። ለእኛ እግዚአብሔር እንዲህ ያለ ሰው ሰጥቶናል።

ሰኞ ጠዋት ዮናስ ጫማው አቧራ እንዳይነካው በባጃጅ ሄደ። ጎረቤቴ ከበሯ ቆማ ስታየው ነበር፤ የተላጨ ፊቱን፣ ሸሚዙን፣ ክራባቱን።

«ልጅሽ ሐዘኑን ጨረሰ እንዴ?» አለችኝ።

«አልጨረሰም» አልኳት። «ሐዘኑ እቤት አለ። ሲመለስ ያገኘዋል።»